ድሬዳዋን 2 ሜትር ከ40 ግድግዳ ላይ ማስገባት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የሚኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ያለችው ትርፍ ክፍል 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ60 ናት። የሥራ ጠረጴዛ አለባት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የሕፃን አልጋ ይገባባታል። ነፃ የሆነው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ እሱም 2 ሜትር ከ40። አባቱ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። «የድሬዳዋን ጣቢያ፣ ጋራዡን፣ የአዋሽን ድልድይ በሞዴል መሥራት ነው ምኞቴ። ባቡሩ ሳያቋርጥ ቢዞርልኝም ደስ ይለኛል። ኤችኦ ልግዛ ወይስ ኤን? ባለቤቴ ግን ከግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ እንዳይወጣ ብላለች» ይላል። (ኤችኦና ኤን የሞዴል ባቡር መጠን፣ ማለትም የስኬል ስሞች ናቸው፤ ትንሹ ኤን ነው።)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ባለቤትህን አመስግንልኝ። ሳታስበው ትልቁን ሕግ ነግራሃለች። አንድ ክንድ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞዴል ባቡር ላይ ደግሞ እጅህ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ የጠላት ግዛት ነው።

ይህን የምልህ ከራሴ ውርደት ተነስቼ ነው። የመጀመሪያዬን የሠራሁት 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ20 በሆነ ኮምፖርሳቶ ላይ ነበር። ጥግ ላይ አስጠግቼ ማለት ነው፣ ሁለቱ ጎኖቹ ግድግዳ። የኋላው ሀዲድ ከእኔ ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የእኔ ክንድ ተዘርግቶ 70 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ባቡር ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከሀዲድ የሚወጣው ሁልጊዜ ጥጉ ላይ፣ ዋሻው ውስጥ ነው። አንድ ማታ ወንበር ላይ ቆሜ ተጠማዝዤ ልደርስበት ስል፣ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን የጣቢያ ጣሪያ በክርኔ ጨፈለቅኩት። ባቡሩን አላወጣሁትም። በማግስቱ ከታች ገብቼ ሳወጣው ደግሞ ራሴን ከጣውላው ጋር አጋጨሁ።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። የሚዞር ባቡር ሁለት ሳምንት ያምራል። ከዚያ በኋላ ማራገቢያ እንደማየት ነው።

ስለዚህ ምኞትህን ትንሽ እንቁረጠው። በስሌት ነው የምቆርጠው፣ ቅር አይበልህ።

አሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በኤን ስኬል ማለትም በ1 ለ160 ብትሠራው 4.9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኤችኦ ማለትም በ1 ለ87 ደግሞ 9 ኪሎ ሜትር። ይህ ቀልድ ነው፤ ማንም መስመሩን በሙሉ አይሠራም። ግን አንድ የጣቢያ ግቢ ብቻ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው ብንል እንኳ በኤን 3 ሜትር ከ12፣ በኤችኦ 5 ሜትር ከ75 ይፈልጋል። ያንተ ግድግዳ 2 ሜትር ከ40 ነው። ጣቢያው አይገባም። ልጭመቀው ካልክ ደግሞ ሁለት ፉርጎ የሚያስቆም መድረክ ያለው መጫወቻ ይሆናል፣ አባትህ ቢያዩት ይስቃሉ።

የኔ ሐሳብ፦ ጣቢያውን ተወው፣ ጋራዡን ሥራ።

ጋራዥ በተፈጥሮው ትንሽ ነው። ረጅም ባቡር አይገባበትም። አንድ ሎኮሞቲቭ ሁለት ሦስት ፉርጎ ይገፋል፣ ይተዋል፣ ሌላውን ስቦ ይወጣል። ሁሉም ነገር በዝግታ ነው። ቦታው ጠባብ ቢመስል ያምርበታል እንጂ አያስነውረውም። እውነቱን ለመናገር አንተ የምታስታውሰውም ከተሳፋሪ ባቡሩ ይልቅ የአባትህን የሥራ ቦታ ይመስለኛል። አንድ ቦታ፣ አንድ ሥራ። ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚሳካው ይህ ነው።

አሁን ሥራው ምን ይሁን? ለዚህ እንግሊዞች በጣም የቆየ መልስ አላቸው። አለን ራይት የሚባል ሰው የፈጠረው ኢንግልኑክ የተባለ የሀዲድ እንቆቅልሽ ነው። ሁለት መለያያ ብቻ ነው ያለው። መለያያ የምለው ባቡሩን ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ነው። በሁለቱ መለያያ ሦስት መስመር ታገኛለህ፦ አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። በሌላው ጫፍ መመለሻ፣ ማለትም ባቡሩ ወጥቶ ወደ ሌላው መስመር የሚመለስበት ሀዲድ አለ፣ እሱም ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይይዛል። ስምንት ፉርጎ ታስገባለህ። ስምንት ካርድ ታዘጋጅና አምስቱን ሳታይ ትመዛለህ። ከዚያ እነዚያን አምስት ፉርጎዎች ካርዱ ባወጣው ቅደም ተከተል ረጅሙ መስመር ላይ ትሰልፋለህ።

ቀላል ይመስላል። ከስምንት አምስቱን በተራ መደርደር 6,720 ዓይነት መልክ አለው። አንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ አንዳንዱ ቡናህን ያቀዘቅዘዋል። ውበቱ ያለው በጥበቱ ነው። መመለሻው አራት ፉርጎ ቢይዝ ጨዋታው ይሞታል።

አንተ ዘንድ ደግሞ ትርጉም አለው። ረጅሙ መስመር የግቢው መውጫ ይሁን። ከአጭሮቹ አንዱ ጋራዡ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ጎማና አክሰል የሚራገፍበት ይሁን። ካርዱ «የነዳጅ ታንከሩ ፊት፣ ከኋላው የቡና ፉርጎው፣ ከዚያ ጥገናው ያለቀለት የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ» ካለህ የአንድ ቀን የግቢ ሥራ ነው።

ወደ ስኬሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ኤችኦ ወይስ ኤን ያልከው ጥያቄ ያልጠየቅከውን ሌላ ጥያቄ ይዟል። የአባትህ ባቡር የሚሄድበት ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ሱቅ ውስጥ የምታገኘው ኤን ሀዲድ 9 ሚሊ ሜትር ነው። 9 ሲባዛ በ160፣ 1,440 ሚሊ ሜትር። ይህ የአሮጌው መስመር ስፋት አይደለም። 1,435 የሆነው የአዲሱ፣ የቻይናዎቹ መስመር ነው። በኤን ብትሠራ ሳታውቀው አዲሱን ባቡር ሠራህ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ በአባትህ ጋራዥ ደጃፍ አያልፍም። ተራው ኤችኦም እንዲሁ ነው፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ በ87 ስታበዛው ያው 1,435 ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ኤችኦኤም ይባላል፦ ስኬሉ 1 ለ87፣ ሀዲዱ ግን 12 ሚሊ ሜትር። 12 በ87፣ 1,044። ለአንድ ሜትር ይህ ይበቃል፣ በዓይን የሚለየው የለም። ሀዲዱን ፔኮና ቲሊግ የሚባሉ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ደግሞ የስዊዘርላንድን ባለ አንድ ሜትር ባቡሮች በዚህ መጠን ያወጣል። ችግሩ ዋጋው ነው፣ በተለይ የሎኮሞቲቩ። መውጫ አለው። ቲቲ የሚባለው ስኬል 1 ለ120 ነው፣ ሀዲዱ ግን ያው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ያገለገለ የቲቲ ሎኮሞቲቭ ትገዛለህ፣ ቀፎውን ታወልቃለህ፣ ሞተርና ጎማው ላይ በፕላስቲክ ሉህ የራስህን ቀፎ ትሠራለታለህ። ፉርጎም እንዲሁ። የኛን ባቡር ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አነሳለሁ ብለህ አትጠብቅ፣ የትኛውንም ስኬል ብትመርጥ መቁረጥና መለጠፍ አይቀርልህም።

«አልችልም፣ ጊዜ የለኝም» ካልክ ኤን ግዛ። አሜሪካ ውስጥ ካቶ የሚባለው ፋብሪካ ሀዲድ እንደ ልብ ይገኛል፣ ግጥም ይላል፣ ቅዳሜ ጠዋት ገዝተህ ቅዳሜ ከሰዓት ታስኬዳለህ። ስፋቱን ግን ለድሬዳዋ ልጆች አታሳይ።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ኤችኦኤም ነው የምመርጠው። ምክንያቴ ይሄ ነው፦ ኢንግልኑክ ውስጥ ኩርባ የለም። ትልቅ ስኬል ቦታ የሚበላው ሲታጠፍ ነው። መርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ከሚሠራቸው መደበኛ የኤችኦ ኩርባዎች የትንሹ ራዲየስ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ዙር ለመዞር 72፣ ከነጠርዙ ከ80 በላይ ወርድ ይፈልጋል። ባለቤትህ አትፈቅድም። በኤንም ቢሆን ከመደበኞቹ ትንሹ ኩርባ 19 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሲዞር 39፣ ከጠርዝ ጋር 45። አዎ፣ በአንድ ክንድ ውስጥ ይገባል። ግን እኛ የምንይዘው ልማድ ራዲየሱ ቢያንስ የረጅሙን ፉርጎ ሦስት እጥፍ ይሁን የሚል ነው። 19.5 ለሦስት 6.5 ሴንቲ ሜትር። አብዛኛው የተሳፋሪ ፉርጎ ከዚያ በእጥፍ ይረዝማል። ኩርባው ላይ ሲደርስ መሀሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የተሰበረ ክንድ ይመስላል። ኩርባውን ስትተወው ይህ ሁሉ ጣጣ አብሮ ይሄዳል።

እንለካው። አንድ ፉርጎ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ሎኮሞቲቩን 17 እንበል። መመለሻው 17 ሲደመር 39፣ 56። ሁለቱ መለያያዎች 20፣ 20፣ በድምሩ 40። ረጅሙ መስመር አምስት ጊዜ 13፣ 65። ሲደመር 161።

እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ ይሳሳታል። ፉርጎ መለያያው እንዳለቀ ወዲያው መቆም አይችልም። ሁለቱ ሀዲዶች ገና ስላልተራራቁ ጎን ለጎን የቆሙት ፉርጎዎች ይነካካሉ። መለያያውን ስትገዛ ይህን አድርግ፦ በሁለቱም ቅርንጫፍ ላይ አንድ አንድ ፉርጎ አስቀምጥና ቀስ እያልክ ወደ መለያያው ግፋቸው። ሊነካኩ ሲሉ አቁም። ጣትህን በመሀላቸው አሳልፍ፣ ካለፈች ጥሩ ነው። እዚያ ቦታ ላይ እርሳስ ጭረት አድርግ፣ የመስመሩ ርዝመት የሚቆጠረው ከዚያ ጭረት ጀምሮ ነው። እኔ አምስት የምትይዝ ብዬ የሠራኋት መስመር አራት ተኩል ስትይዝ ነው ይህን የተማርኩት። ለዚህ ብለህ 7 ሴንቲ ጨምር። 168።

ከ240 ላይ 72 ተረፈህ። ደስ ብሎህ ሦስተኛ መለያያ ልጨምር እንዳትል! ትርፉ ለዓይን ነው። በቀኝ በኩል የጋራዡ ሕንፃ 40 ሴንቲ ይውሰድ፣ አጭሩ መስመር በበሩ ይግባ። በግራ በኩል መመለሻውን ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ጀርባ ደብቀው፤ የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። የተደበቀውን ክፍል ደግሞ ካሴት አድርገው። ካሴት የምንለው 60 ሴንቲ ሜትር ጠባብ ጣውላ ነው፣ ላዩ ላይ ሁለት የአሉሚኒየም ኤል ብረት እንደ ሀዲድ ተለጥፎበታል። ባቡሩ ይገባበታል፣ አንተ ካሴቱን ከነባቡሩ አንስተህ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ሌላ ካሴት ከሌላ ባቡር ጋር ታመጣለህ። ሦስት ካሴት ካለህ ሦስት ባቡር ከጅቡቲ ይመጣልሃል፣ አንድም ተጨማሪ መለያያ ሳትገዛ። ጫፍ ጫፉ ላይ ማገጃ ማድረግ እንዳትረሳ። ሎኮሞቲቭ ከአንድ ሜትር ከ30 ከፍታ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ አይረሳም።

ድልድዩስ? የአዋሽ ድልድይ ከድሬዳዋ ጋራዥ አጠገብ ምን ይሠራል? በመካከላቸው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ካማረህ ድልድዩን ብቻውን 60 ሴንቲ ጣውላ ላይ ሥራና ሳሎን አስቀምጠው፣ አንድ ባቡር እላዩ ላይ ይቁም። ስትሠራው ሀዲዱን ሽቅብ አታውጣው። ሀዲዱ እንደተስተካከለ ይቆይ፣ መሬቱን ቆርጠህ ወደ ታች አውርደው። ባለ 5 ሴንቲ የግድግዳ ፎም ሦስት አራት ድርብ ለጥፈህ ገደሉን በቢላ ታወጣዋለህ።

ባቡር ሽቅብ ማስኬድ ጠባብ ቤት ውስጥ አያዋጣም። አንድ ሀዲድ በሌላው ላይ እንዲያልፍ በኤችኦ 8 ሴንቲ ያህል ከፍ ማለት አለበት። በመቶ 3 ዳገት፣ ያም ብዙ ነው፣ 2 ሜትር ከ67 ይፈልጋል። መውረጃውም ያንኑ ያህል። ግድግዳህ መውጫውን እንኳ አያስጨርስም። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ስሌት ልጅ ናት። ሀዲዱ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት በጣም ስለሚያስወጣ መሐንዲሶቹ ሜዳው ላይ ቀሩ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ባቡሩ እዚያ ደረሰ፣ ከተማዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በዚያው አቆጣጠር በ1917 ነው። አንተም ሜዳው ላይ ቆይ።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። አንድ ሎኮሞቲቭ ነው ያለህ፣ ተራው 12 ቮልት መቆጣጠሪያ ይበቃሃል፣ ዲጂታል አያስፈልግህም። ገንዘብ የምታወጣው መለያያው ላይ ይሁን። ሁለቱ ሀዲዶች የሚሻገሩበት ሹል ነጥብ ፕላስቲክ የሆነውን አትግዛ። አጭር ሎኮሞቲቭ ቀስ ብሎ ሲያልፍበት ኤሌክትሪኩ ይቋረጥበትና ቀጥ ይላል፣ በጣት መግፋት ይመጣል። የጋራዥ ሥራ ደግሞ ሁሉም በዝግታ ነው። ነጥቡ ብረት ሆኖ ኤሌክትሪክ የሚደርሰውን ጠይቅ።

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልበል፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ። ፉርጎዎች በእጅ ሳይነኩ እንዲላቀቁ ከሀዲዱ ሥር ማግኔት የሚቀበርበት ዘዴ አለ። ግሩም ነው። ሕፃን ባለበት ክፍል ግን ሳይለጠፍ የሚቀመጥ ትንሽ ማግኔት እንዳይኖር። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል፣ ሆስፒታል ነው የሚያስኬደው። በቀጭን የእንጨት ስንጥር ማላቀቅ ትችላለህ፣ እኔ እስከ ዛሬ በሱ ነው የምሠራው። መደርደሪያውን 1 ሜትር ከ30 ላይ ስቀለው። ቆመህ ስታይ ባቡሩ ዓይንህ ፊት ይሆናል፣ ጣሪያውን ሳይሆን ጎኑን ታያለህ። ጠረጴዛው ከሥሩ ይገባል። የሕፃኑን አልጋ ግን ከሥሩ አታድርገው፣ ወደ ሌላው ግድግዳ አዙረው። የአሜሪካ ግድግዳ ውስጡ ባዶ መሆኑን ታውቃለህ፣ የሚሸከመው እንጨት ብዙውን ጊዜ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ነው ያለው። ብሎኑ እንጨቱን ካላገኘ ጋራዥህ ከነሠራተኛው ይወርዳል።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ቅዳሜ ወረቀት ላይ አሳልፍ። ፔኮ የመለያያዎቹን ንድፍ በትክክለኛ መጠን በወረቀት አትሞ የሚሰጥበት ገጽ አለው፣ አትምና ቁረጠው። ኤክስትራክካድ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፣ ግን እኔ ወረቀት ይሻለኛል። ረጅም የመጠቅለያ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርጋ፣ መለያያዎቹን አስቀምጥ፣ ፉርጎዎቹን ከካርቶን ቁረጥ። የጋራዡን ሕንፃ ከኮርንፍሌክስ ሳጥን ሥራ። ከዚያ ተንበርክከህ ስምንቱን ካርቶን እየገፋህ ጨዋታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫወት። ከሰለቸህ ገንዘብህ ኪስህ ውስጥ ነው። ካልሰለቸህ ሁለት መለያያ፣ ሦስት ሜትር ሀዲድ፣ አንድ ያገለገለ ሎኮሞቲቭ ግዛ። ለጊዜው ሌላ ምንም አትግዛ።

አንድ ነገር አልነገርከኝም፦ የክፍሉ በር ወዴት ነው የሚከፈተው? ወደ ውስጥ፣ ወደዚያው ግድግዳ ከሆነ 2 ሜትር ከ40 ያልከው 2 ሜትር ከ40 ላይሆን ይችላል። በሩን እስከ መጨረሻው ክፈተውና እጀታው ግድግዳውን የሚነካበትን ቦታ ለካ። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ቢጠብህ ከትርፉ ላይ ቀንሰው፣ ካሴቱንም ጋራዡንም አትንካቸው።